ጠቅላላ አገልግሎት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። እኔ ኔትወርክ ሲገኝ ነው የምለጥፈው፣ እናንተ ደግሞ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየምም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚሞላው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ቲቸር፣ ምን ልማር?" አብዛኛው መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚጠይቀኝ። ወንዱ ኢንጂነሪንግ ወይ ሶፍትዌር፣ ሴቷ ነርሲንግ ወይ አካውንቲንግ። ውጤት ያልመጣለት ሹፌርነት፣ ውጤት ያልመጣላት አረብ ሀገር። ከአስር ዓመት በላይ ሳስተምር "ቲቸር፣ እኔ ሕንፃ ማስተዳደር ነው የምፈልገው" ያለኝ ልጅ አላጋጠመኝም።

ሥራው ግን አለ። እኛም እናውቀዋለን፤ ስሙ "ጠቅላላ አገልግሎት" ነው። ቁልፍ ሲጠፋ፣ በር ሲገነጠል፣ ቧንቧ ሲፈስ፣ ሳሙና ሲያልቅ፣ መኪና ሲፈለግ፣ ጥበቃው ሲቀር የምንሮጥበት ክፍል። ብዙ ጊዜ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከስቶሩ ጎን። ኃላፊው የሚታወሰው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ደህና የዋለ ቀን "ይሄ ሰውዬ ግን ምን ይሠራል?" ይባላል። ከሌላ ክፍል የተጣላ ሠራተኛ ወደዚያ ሲዛወር ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ እንደ ቅጣት ነው የሚቆጠረው።

ውጭ "ፋሲሊቲ ማኔጅመንት" ይሉታል። ባለሙያዎቹ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው፣ ፈተና አለው፣ ሰርተፍኬት አለው። አይኤስኦ የሚባለው የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ ሥራ የሚሆን 41001 የሚባል ደረጃ አውጥቷል። አንድ ትልቅ ሕንፃ ስታስቡ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ የውኃ ታንከሩን፣ የእሳት አደጋ መከላከያውን፣ ጽዳቱን፣ ጥበቃውን፣ የኮንትራክተሮቹን ውል፣ የመብራት ሂሳቡን አስቡ። አዲስ አበባ ላይ በ2014 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ሊፍት አንድ ቀን ቢቆም ምን እንደሚሆን ገምቱ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ እንዳይቆም የሚያደርግ ሰው አለ ማለት ነው።

የሥራው ዋና ነገር ምን መሰላችሁ? ሳይበላሽ መጠገን። እኛ ይሄ የለንም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ የላላ ሚስማር የሚመታ፣ አሸንዳ የሚጠርግ ሰው የለንም፤ ዝናቡ ኮምፒውተር ላይ ሲወርድ ነው ቆርቆሮ የምንገዛው። አንድ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆይ) የሴቶች መጸዳጃ ቤት በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። መቀርቀሪያ! ሱቅ የሚሸጥ ትንሽ ብረት። በዚህ ምክንያት ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ሰሞን ሳምንት ሙሉ ይቀሩ ነበር። ስም ጠሪው "ቀሪ" ብሎ ይጽፋል፣ ስብሰባ ላይ "የሴቶች መጠነ ማቋረጥ" ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል፣ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል። መጨረሻ ላይ መቀርቀሪያውን ያስገጠመችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ከራሷ ኪስ። እሷ ናት እንግዲህ የግቢው ፋሲሊቲ ማኔጀር፣ ደሞዟን ግን ባልነግራችሁ ይሻላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ሴቶች፣ ይሄ ሥራ፣ እና ቤት ነው።

አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ሆነው ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንታችን ተብሎ ሁሉም ፎቶ ለጠፈ፣ እኔም ለጥፌያለሁ። ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አብዛኛው ሰው "አምባሳደር ነበሩ" ብሎ ያቆማል። እውነት ነው፤ ሴኔጋል፣ ጅቡቲ፣ ፈረንሳይ ሠርተዋል፣ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታትን የሰላም ግንባታ ቢሮ መርተዋል። ከ2003 ጀምሮ እስከ 2010 ግን ናይሮቢ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። ያ ቢሮ ምን የሚሠራ ይመስላችኋል? የጊጊሪን ግቢ ያስተዳድራል። የአካባቢ ፕሮግራሙ እና የሰፈራ ፕሮግራሙ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ነው፤ ሌሎችም ብዙ ድርጅቶች አሉ። ሕንፃው፣ ጥበቃው፣ የስብሰባ አዳራሹ፣ አስተርጓሚው፣ ግዢው፣ የሰው ኃይሉ፣ ሁሉም በዚያ ቢሮ በኩል ያልፋል።

በእኛ ቋንቋ ስናወርደው ትልቅ ጠቅላላ አገልግሎት ነው። ድርጅቱ ዋና ዋና የሚላቸው መሥሪያ ቤቶች አራት ናቸው፤ ኒው ዮርክ፣ ጄኔቫ፣ ቪየና፣ ናይሮቢ። አፍሪካ ውስጥ ያለው ናይሮቢ ብቻ ነው። ከእሳቸው በፊት ቦታው ከአካባቢ ፕሮግራሙ ወይም ከሰፈራ ፕሮግራሙ ኃላፊነት ጋር ተደርቦ ነበር የሚያዘው፤ ራሱን ችሎ ሲሰጥ የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ልክ እሳቸው በተሾሙበት ሰሞን፣ መጋቢት 2003 መጨረሻ፣ ባን ኪ ሙን እና የኬንያው ፕሬዝዳንት ኪባኪ እዚያው ግቢ ውስጥ 1200 ሠራተኛ የሚይዝ አዲስ ሕንፃ መርቀው ነበር። ጣሪያው በሶላር የተሸፈነ፣ የሚጠቀመውን ያህል መብራት ራሱ እንዲያመነጭ ተብሎ የተሠራ። ሪባን መቁረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከሪባኑ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን ግን የማን ነው?

ሣህለወርቅ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ልጆቹን እንዴት አሳደጉ፣ በየሀገሩ ሲዘዋወሩ ማን አገዛቸው፣ ለእኔ ማወቅ የምፈልገው ያንን ነበር። ወንድ አምባሳደር ይሄ ጥያቄ አይቀርብለትም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ ግን ለወንዱም ይጠየቅ ባይ ነኝ እንጂ ለሴቷ ይቅር ባይ አይደለሁም። መልሱ ለተማሪዎቼ ይጠቅማላ!

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የራሳችን ሰው አለች። እቴጌ ጣይቱ ብጡል። አባታቸው ራስ ብጡል የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው፤ ስለዚህ እኛ ሰሜኖች "የእኛ ናት" ብለን አንገታችንን ቀና ብናደርግ መብታችን ነው። ስለ አድዋና ስለ ውጫሌ ሁሉም ይጽፋል። እኔን የሚገርመኝ ሆቴሉ ነው። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴል አቋቋሙ፣ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በ2007 ጥር ላይ እሳት ጎዳው እንጂ አለ። እንግዳ በዘመድ ቤት በሚያድርበት ዘመን፣ ለእንጀራ ገንዘብ መክፈል ነውር በሆነበት ሀገር፣ አልጋና ምግብ የሚሸጥ ቤት መክፈት ቀላል ድፍረት አይደለም። ግቢውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱን፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚበላበትን ግብር የሚያዙትም እሳቸው ነበሩ። ይሄ ሥራ ለሴት አዲስ ነው የሚል ሰው ታሪክ አላነበበም።

ግን ደግሞ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፣ ግቢው ውስጥም የሚታዘዝ ሰው ሞልቷል። እሳቸውን ጠርቶ ለአንዲት የዓዲ አርቃይ ልጅ "አየሽ፣ ይቻላል" ማለት ትንሽ ማላገጥ ይሆናል። እሷ ያላት አንድ እናት ነው፣ አንድ ምጣድ ነው።

ስለዚህ ስለ እሷ ላውራ። ስሟን አልጠራም፣ የምታውቋትም ኮሜንት ላይ እንዳትጠሯት አደራ። ያስተማርኳት 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ነው። ያኔ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ነበር፣ ነጥቧ ለመሰናዶ አልበቃም። ሊማሊሞን ወጥታ ጎንደር ገባች፣ ቴክኒክና ሙያ የሆቴል የቤት አያያዝ ተማረች። "አልጋ ማንጠፍ ለመማር ነው ጎንደር ድረስ?" ያሏትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ጎንደር አንድ ሆቴል ሠራች፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በኤጀንሲ ዱባይ። ዱባይ የሄደችው በጽዳት ነው። እንግሊዝኛዋ ደህና ነበር (ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ)፣ ማታ ማታ ኮምፒውተር ተማረች፣ የጽዳቱ ተቆጣጣሪ ሆነች፣ ቀጥሎ የአንድ ሕንፃ፣ አሁን የሦስት ሕንፃ ኃላፊ ናት። ከሥሯ ሕንዶች፣ ፊሊፒኖች፣ ኔፓሎች አሉ። በዚያ ሙቀት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት፣ የሕንፃው ማቀዝቀዣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢቆም ስልክ የሚደወለው ለእሷ ነው። የዓዲ አርቃይ ልጅ ስለሆነች ሙቀቱን ትችለዋለች ብለን እንስቃለን።

አሁን ድርጅቷ ሌላ ሥራ ሰጥቷታል። በሌሎች ሁለት ሀገሮች ያሉትን ሕንፃዎች ጨምራ እየተዘዋወረች ትቆጣጠር። ደሞዙ ይጨምራል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለዋታል። ሁለት ልጆች አሏት፣ አንዱ 9 ዓመቱ፣ ትንሿ 6 ዓመቷ። እዚህ ከእናቷ ጋር ናቸው። ባሏ ጎንደር ነው የሚሠራው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል። በኢሞ ደውላ የጠየቀችኝ ስለ ሥራው አይደለም። "ቲቸር፣ ሰው ምን ይለኛል?" ነው ያለችኝ።

ሰውማ ብሏል! አንድ ለቅሶ ቤት በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ "ብር እየላኩ ልጅ አሳደግሁ ይባላል?" ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? በየዓመቱ መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ የሚወርድ ሰው ነው። ሲመለስ ኅዳር ታኅሣሥ ነው። አንዳንድ ዓመት መተማም ይጨምርበታል። ልጆቹን ጥሎ ሄደ ያለው ሰው አለ? "ለቤቱ ብሎ ተንከራተተ፣ ወባ በላው" ተብሎ ዶሮ ነው የሚታረድለት። የከባድ መኪና ሹፌሩም እንደዚያው፣ ወታደሩም እንደዚያው። እኔ ወንዶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁመራ መውረድ መከራ ነው። ግን ያው አንድ ዓይነት መንከራተት ሱሪ ሲለብስ ኃላፊነት፣ ቀሚስ ሲለብስ ጭካኔ የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ይሄ ነገር ሕግ ሁሉ ነበረው እኮ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። ባልየው ለሚስቱ የቤት አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። እስቲ አስቡት፣ ግዴታው ከእሱ ወደ አገልጋይ፣ ከአገልጋይ ወደ እሷ ይሄዳል እንጂ በምንም መንገድ ወደ እሱ አይመለስም። ይሄ የተቀየረው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የእኛ ክልል ደግሞ በ1995 የራሱን አወጣ። ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ቤተሰቡን በጋራ ይመራሉ። ወረቀቱ ከተቀየረ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው፣ ምጣዱ ግን አዋጁን አላነበበም።

ዓለምም ከእኛ ብዙ አይሻልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ሰዓት ውስጥ 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከአራት ሦስት ማለት ነው። ልብሱ፣ ውኃው፣ እንጀራው፣ ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ሕፃኑ። እንግዲህ ቤት ውስጥ ጠቅላላ አገልግሎት ማን እንደሆነች አወቃችሁ። ቁልፍ ሲጠፋ የምትጠራው እሷ፣ ሁሉም ደህና ሲውል "ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች?" የምትባለውም እሷ።

አንድ የምጠላውን ነገር ልናገር። በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ የሴቶች ቀን ሲደርስ "ጀግናዋ ሴት ሁሉንም ትችላለች" የሚል ፖስተር ይለጠፋል፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ፣ በአንድ እጇ ላፕቶፕ፣ በሌላው ወንፊት። ለቀልድ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ሁሉንም ትችላለች ካልን እኮ ማገዝ አያስፈልግም ማለታችን ነው። አህያን "ጎበዝ" ብሎ ጭነት መጨመር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሴት ቤቷ ትዋል ከሚለው ሰውዬ ጋር ቢያንስ ፊት ለፊት እከራከራለሁ። ይሄኛው ግን አበባ ሰጥቶኝ ነው የሚሄደው።

አሁን የማይወራውን ላንሳ። "ሥራና ቤትን አመጣጥና የያዘች ሴት" ስትባሉ ዞር ብላችሁ ከኋላዋ ያለችውን ሴት እዩ። ሁልጊዜ አለች። የእኔ ተማሪ ሦስት ሕንፃ የምትመራው እናቷ ሁለት ልጅ ስለምታሳድግላት ነው። እናቷ 60 ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ልጆቹን አብልታ ትልካለች፣ ቧንቧ ሲጠፋ ጄሪካን ይዛ ትሰለፋለች፣ ማታ ደብተር ታስከፍታለች፤ ፊደል አትቆጥርም ግን "ጻፍከው ወይ?" ትላለች። በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ሲደርስብን ትልቁን በእጇ ይዛ፣ ትንሿን አዝላ ሊማሊሞን በእግሯ ወጥታ ደባርቅ የገባች ሴት ናት። እሷ ደሞዝ የላትም፣ ዓመት እረፍት የላትም። አንድ ቀን ከታመመች ዱባይ ያለው ሥራ ያበቃል። ከሠራተኞቹ ሁሉ ተተኪ የሌላት እሷ ናት፤ የሕንፃ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ነገር አደጋ ይለዋል፣ መጠባበቂያ የሌለው ጄኔሬተር እንደማለት።

እናት የሌላትስ? ሞግዚት ትቀጥራለች። ሞግዚቷ ከየት ትመጣለች? ይሄን የምጽፈው አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። ከገጠር ቀበሌ ነው የምትመጣው፣ 7ኛ 8ኛ ክፍል ላይ። "ማታ ታስተምሪያለሽ" ተብሎ ለወላጅ ቃል ይገባል፣ አንድ ሴሚስተር ትማራለች፣ ከዚያ ሕፃኑ ይታመማል፣ ትቀራለች። እኛ የተማርነው፣ ነርሱ፣ አስተማሪው፣ የወረዳ ባለሙያው፣ ነን የምንቀጥራት። ማለት የአንዷ ሴት ሚዛን የሚስተካከለው የሌላዋን ትንሽ ልጅ ደብተር ከሌላው ወገን አስቀምጠን ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለፋብሪካ ሠራተኛ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አይሠራም ይላል። የቤት ሠራተኛን ግን አይሸፍንም፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ነው የቀረው። አረብ ሀገር ልጆቻችን እረፍት ተከለከሉ ብለን እንጮኻለን፣ መጮኻችንም ልክ ነው። ጓዳችን ውስጥ ያለችው ልጅ እሑድ የት ትውላለች ብሎ የሚጠይቅስ?

ሕጉ ላይ ካለን አይቀር ትንሽ ቁጥር ልጨምር፣ ብዙ ሴት ሠራተኞች መብታቸውን ስለማያውቁ። በዚሁ 1156 አዋጅ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ከደሞዝ ጋር ታርፋለች። አባት 3 ቀን። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 ለእናት ያንኑ 120 ቀን፣ ለአባት 10 የሥራ ቀን ይሰጥ ነበር። ክልሎች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው የእናንተን ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ። ደግሞ ይሄው 1064 እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እናቶች ልጃቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝ ነበር። ይሄን አንቀጽ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም "ሴቶችን እናበረታታ" የሚል መፈክር አይደለም። ክፍል ነው። በር፣ ፍራሽ፣ ውኃ፣ ሞግዚት። አያችሁ፣ መልሱ ራሱ ጠቅላላ አገልግሎት ጋ ነው ያለው።

ሦስት ቀን ለአባት ምን ያደርጋል ግን? የጥሪ ካርድ ለመሙላትም አይበቃ።

የእኔን ቤት ደግሞ ትጠይቁኝ ይሆናል። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፣ ተረኛ ስትሆን ታድራለች። ምጥ ሰዓት አይጠብቅም። ትንሽ ልጅ ላለመቅጠር ተስማምተን ነው የኖርነው፣ ስለዚህ እሷ ባደረች ማግስት እንጀራው የእኔ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የጎረቤት ሴቶች ጭሱን አይተው ነበር የሚመጡት፣ እሳት የተነሳ መስሏቸው። የማሽላ እንጀራ አስቸጋሪ ነው፣ ይሰነጠቃል፤ አሁን ዓይን ያወጣል፣ ምስክር አለኝ። ወንዶቹ ጓደኞቼ ያወጡልኝን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከእነሱ አንዱ ግን በቀደም ቀስ ብሎ ጠርቶኝ "አብሲቱን ስንት ሰዓት ነው የምትጥለው?" አለኝ። ሚስቱ ደባርቅ ኮርስ ገብታለች።

ይሄን የማወራው እኔ የተለየሁ ሆኜ አይደለም። ዲግሪ እንኳ የለኝም፣ በዲፕሎማዬ ነው ያለሁት፤ ደሞዜም ሞግዚት አይቀጥርም። ችግር ነው ያስተማረኝ። ግን ክፍል ውስጥ ወንዶቹን ስጠይቃቸው "ቤት ውስጥ ምን ትሠራለህ?" መልሳቸው "አጠናለሁ" ነው። ሴቶቹን ስጠይቅ ዝርዝሩ ደወል እስኪደወል አያልቅም። ከዚያ እኩል ፈተና ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ ውጤት ሲወጣ ደግሞ ለምን አነሰች እንላለን።

ለተማሪዬ ምን አልኳት? ሂጂ አላልኳትም፣ ተይውም አላልኳትም። የመወሰኑ ሥራ የእሷ ነው። ለእሷ የጻፍኩላት ጥያቄዎችን ነው፤ ውሉ ላይ በዓመት ስንት ቀን ወደ ሀገር መምጫ አለው፣ ትኬቱን ማን ይከፍላል? ልጆቹን ወደዚያ ማምጣት የሚያስችል የደሞዝ ደረጃ ላይ ያደርስሻል ወይስ አያደርስም? ባልሽ ወደ ዓዲ አርቃይ መዛወር ወይም ልጆቹን ጎንደር መውሰድ ይችላል ወይ? ጠይቀሽዋል ወይ፣ ወይስ ሳትጠይቂው እምቢ ይላል ብለሽ ነው? እና ዋናው፤ ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪው የአስቤዛ ብር ነው፣ ደሞዝ አይደለም። ደሞዝ ቁረጪላት። ለብቻው፣ በስሟ፣ በራሷ ደብተር። ልብስ የምታጥብ ትልቅ ሴት ቅጠሪላት፣ ተማሪ ያልሆነች። ሕንፃ ስትመሪ ያለ በጀት ጽዳት የለም እንደምትዪው።

የመጨረሻውን ስታነብ ለረጅም ሰዓት መልስ አልሰጠችም። ከዚያ "ቲቸር፣ ባሌን አልጠየቅሁትም" ብላ ጻፈች። እንግዲህ እየጠበቅኩ ነው።

"ሰው ምን ይለኛል" ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ሰው ይላል። ብትመጪም "ዱባይ አልሆንላት ብሎ ተመለሰች" ይላል፣ ብትቀሪም "ጨካኝ" ይላል። ሁለቱንም ያለው ሰውዬ የልጆችሽን ደብተር አንድ ቀን አላየም።

እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ዳባት ወይም ሌላ ቦታ የሕፃናት ማቆያ ያቋቋመ መሥሪያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ካልተመቻችሁ በኢንቦክስ። ክፍሉን ማን ሰጠ? ሞግዚቷን በምን መደብ ቀጠሩ? ደሞዟ ከመደበኛ በጀት ነው ወይስ እናቶቹ ያዋጣሉ? ስንት ሕፃን ይይዛል፣ ምሳስ? ባለቤቴ የምትሠራበት አካባቢ አንድ ባዶ ክፍል አይተናል፣ አሮጌ አልጋ ተከምሮበታል። ማመልከቻውን ለመጻፍ የሠራ ሰው ልምድ ያስፈልገኛል። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ሚስማር መቺ ግን አላጣም፣ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ያሉ ሁለት ጎበዞች እና አንዲት ጎበዝ መሰላል እንይዛለን ብለውኛል።